ያልተሳለው በሬ

ቡሬ ከተማ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከሥዕል ክበባችን ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር እየሄድን ሦስተኛ ክፍሎችን በነፃ ሥዕል እናስተምር ነበር። አንድ ቀን «የቤታችሁን ከብት ሳሉ» ብል፣ አንዷ ልጅ ሊወጋ የተነሣ የሚመስል በሬ ሳለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ «ሂጂ፣ ለአባትሽ አሳዪ» አልኳት።

በሳምንቱ አባቷ ዱላቸውን እንደያዙ ክፍል ገቡና ሥዕሉን ፊቴ ዘረጉት።

«አስተማሪዋ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

«እኔ ጥማድ በሬ ያለኝ ሰው ነኝ! ይህን ያየ ሁሉ ‹አንድ በሬ ብቻ ቀረው› እያለ ሊያማኝ ነው?»

«ልጅዎ እኮ ጎበዝ ናት፣ ጋሼ...»

«እሱማ ቁርጥ ቦራ በሬዬን ነው የሳለችው!» አሉና ፈገግ አሉ። «ጥቁሩንም ከጎኑ ትሳለው። እንዳትሳሳት ይዤው መጥቻለሁ።»

ዞር ስል፣ ጥቁሩ በሬ አንገቱን በክፍሉ በር አስግጎ ያየኛል።