የሁዳዴ ወተት

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት ነው። በአገሬ በኮሶዬ፣ በገበሬ ማኅበራችን አዳራሽ ከረሃብ የሸሹ እናቶች ከነሕፃናታቸው ተጠልለው ነበር። ጊዜው የሁዳዴ ጾም ስለሆነ የላሜን ወተት ከቤቴ የሚጠጣው የለም። በየጧቱ በቅል እያደረግሁ ለሕፃናቱ እወስድ ጀመር። አንድ ጎረቤቴ አይቶ የራሱን ጨመረልኝ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ስድስት ቅል ደረሰ። ሁሉም ግን «አያ ደሳለኝ፣ ከእኔ ነው እንዳትል፤ ጾም ሻረ ብለው ያሙኛል» ይለኛል።

አንድ ጧት የንስሐ አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አስቆሙኝ።

«ቅሎቹ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ወተት።»

«በሁዳዴ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ስድስቱም የአንተ ነው?»

ላሜ አንዲት መሆኗን ያውቃሉ። ለጎረቤቶቼ ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ ልጄን ልድር ነው፤ ጾም የሻረ ሰው ከተባልሁ የሙሽራው አባት ጋብቻውን እንደሚተው አውቃለሁ።

አባ ግራ ቀኙን አዩና ከጋቢያቸው ሥር አንድ ቅል አወጡ።

«ላሜ ከወለደች ሳምንቷ ነው። ለሕፃናቱ እንዳልወስደው፣ ቄስ ወተት ይዞ ቢታይ ምን ይባላል? አንተን እንደሆነ አንዴ አምተውሃል፤ ይችንም ያዝልኝ።»