ጥንድ ያጣችው ተማሪ

ተማሪዎቼ «ሳሙና» ይሏት ነበር። እኔም ሰምቼ ስቄያለሁ፤ ምን ይደበቃል። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ስታጥብ ኖራ የእጇ ቆዳ በኬሚካል ሲላላጥ፣ ሐኪሙ ከሥራው አገዳት። አስተዳደሩ አንድ ምርጫ ብቻ ሰጣት፦ እኔ በጤና ኮሌጅ የማስተምረውን የሰውነት ክፍሎች ትምህርት ካለፈች ረዳት ነርስ ትሆናለች፤ ከወደቀች ወደ ቤቷ። ቤቷ ደግሞ አንዲት ክፍል ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ አግብታ ሩቅ ሄዳለች፣ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

ሁልጊዜ ከፊት ወንበር ነው የምትቀመጠው። አንድ ቀን «ደም ከልብ ወጥቶ የት ይሄዳል?» ብዬ ስጠይቅ እጇን አወጣች።

«ወዴትም ይሂድ መምህር፣ በሙቅ ውሃ እንዳይነኩት፤ ጨርቁ ላይ ይደርቃል። በቀዝቃዛ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በጽሑፍ ፈተናው ግን ሰማንያ አንድ አመጣች። ከሳቁባት ግማሾቹ አጠገቧ አልደረሱም።

የቀረው የተግባር ፈተና ነበር። ለዚህ ፈተና ሁሌም በሽተኛ የሚሆንልን የኮሌጁ ዘበኛ ነው፤ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ተማሪው ፊት ለፊቱ ቆሞ የተጠየቀውን በእጁ ያሳያል።

«ጉበት» አልኳት።

ቅንጣት ሳታመነታ መዳፏን ከግራ ጎድኑ ሥር አሳረፈች።

«እትዬ፣ እዚያ ጋ እንኳ ያለው ምሳዬ ነው» አለ ዘበኛው።

«ጣፊያ» አልኩ። በቀኝ አሳየች። «ትርፍ አንጀት» አልኩ። በግራ። ሦስቱንም አገላብጣ አስቀመጠቻቸው፤ ያውም በሙሉ ልብ። ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል፣ አልተሳሳቱም።

«አሥራ አምስት ሳምንት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?» አልኩ ዜሮውን እየጻፍኩ።

«ስለማመድ ነበራ።»

«ከማን ጋር?»

«ከመስታወት ጋር።»

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ቀና አልኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተለማመዱ ብለውን አልነበር? ሃያ ሦስት ነን። ልጆቹ ተጣመሩ፣ እኔ ቀረሁ። ቁም ሳጥኔ ላይ መስታወት አለ፤ እሱ ፊት እየቆምኩ አጠናሁ።»

ያኔ ገባኝ። በመስታወት ውስጥ የራሷ ጉበት በቀኝ እጇ በኩል ነው የሚታያት። ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው ጉበት ግን በግራ እጇ በኩል ነው የሚሆነው። ይህን ስህተት ሌላ ተማሪ ሊሠራው አይችልም። አሥራ አምስት ሳምንት ሙሉ ከራሷ በቀር ሰው ፊቷ አልቆመም።

በየሳምንቱ ስም ስጠራ ሃያ ሦስት ጎዶሎ መሆኑን ልብ አላልኩም። የልምምድ ክፍሉ በር ላይ «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔው ነኝ። አፈርኩ።

ድጋሚ ፈተና አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከሳምንት በኋላ፣ በሌላ ፈታኝ። «የሚለማመዱበት ሰው ይፈልጉ» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከየት ታመጣለች?

«ነገ በምሳ ሰዓት እዚሁ ይምጡ» አልኳት።

በማግስቱ ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ፈራ ተባ እያለች ያን ሻካራ መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች። በመጀመሪያ አሁንም ተሳሳተች። እጇን ይዤ ወደ ቀኝ ጎኔ ወሰድኩት። መዳፏን ሳታነሳ፣

«ይሞቃል» አለች።

«ምኑ?»

«ሰው።»

እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው የሚነካኝ በአውቶብስ ግፊያ ብቻ ነው። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ሳምንቱን ሙሉ እየመጣች ተለማመደች። ጉበት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት። በአራተኛው ቀን የእጄን የደም ሥር ይዛ ምቱን እየቆጠረች ግንባሯን ቋጠረች።

«ልብዎ ይሮጣል መምህር። ደህና አላደሩም እንዴ?»

«ደህና ነኝ፤ ይቁጠሩ ዝም ብለው» ብዬ ተቆጣሁ። ቆጠራዋን ከጨረሰች በኋላም እጄን ወዲያው አለቀቀችውም። እኔም አልሰበሰብኩትም።

ዓርብ የፈተናት ባልደረባዬ ለገዛ ልጁ እንኳ ግማሽ ነጥብ የማይጨምር ሰው ነው። በሩ ሥር ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ነበር። ዘበኛው ቀድሞ ወጣ። «ጉበቴ ቦታው ተመልሷል!» አለ። እሷ ተከትላው ወጥታ ሁለት እጄን ያዘች፣ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ የሥራ ልብስ ልትረከብ ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ የራሴን ፈተና ካለፍኩበት ቀን ይልቅ ደስ አለኝ።

ሰኞ የምሳ ሰዓት ደወል ሲደወል ደብተሬን ዘግቼ ወደ ልምምድ ክፍሉ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ አልጋው ላይ ከተጋደምኩ በኋላ ነው፣ ማንም እንደማይመጣ ትዝ ያለኝ።