ለጋሽ ገብረወልድ የተሰጠ አንድ ገጽ

ጋሽ ገብረወልድ የትምህርት ቤታችንን በር ሃያ ሁለት ዓመት ዘግተዋል። ሲቀጠሩ ጠብቅ ነበር የተባሉት፤ እሳቸው ግን መዝጋቱን ይበልጥ ወደዱት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መዝሙር ሲጀመር የብረቱ በር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ቢያለቅስም ቢምልም፣ ለእሳቸው ያው ነው። «በር ዘመድ የለውም» ይላሉ።

በፊት አውቶቡስ ተራ ትኬት ይቆርጡ ነበር። የጅማ አውቶቡስ ተነስቶ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ከኋላው ሲሮጥ አይተው አይተው ልባቸው እንደደረቀ ራሳቸው ያወራሉ። የልጅ ልጃቸው ፀሎት እኛው ጋ ትማር ነበር። አንድ ጠዋት አርፍዳ ብትመጣ ከሌሎቻችን ጋር ጠጠር ላይ አንበርክከዋታል። ማታ ቤት ገብተው አብረው እራት በሉ፤ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነሳም አለችኝ።

ይህን የማውቀው አጠገቧ ተንበርክኬ ስለነበር ነው። ዱሬቲ እባላለሁ፤ የታወቅኩ አርፋጅ ነኝ። ቤታችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ነው፤ ቀራንዮ ካለው ትምህርት ቤታችን በእግር ብዙ አያስኬድም። የሚያረፍደው ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ያለው ነው። ከጦር ኃይሎች ወዲያ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡት ቀድመውን ተሰልፈው ይጠብቁናል። በአዘቦት ቀን አርፋጅ ግማሽ ሰዓት ተንበርክኮ፣ ስሙ ተመዝግቦ ይገባል። በፈተና ቀን ግን መንበርከክም የለም፤ ያረፈደ ወደ ቤቱ ነው።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ልንጨርስ አካባቢ የምርቃት መጽሔት ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም ገባሁበት፤ ለምን እንደመረጡኝ እስካሁን አይገባኝም። ከእያንዳንዱ ተማሪ ፎቶ ስር ቅጽል ስሙና የመጨረሻ ቃሉ ይጻፋል። በትምህርት ቤታችን ልማድ ደግሞ አንድ ሙሉ ገጽ ለአንድ ሠራተኛ ይሰጣል፤ ገጹም በምርቃቱ ቀን ቤተሰብ ፊት ይነበባል። ብዙውን ጊዜ ለዳይሬክተር ወይም ለሒሳብ መምህር ነው። እኛ ግን አራት ዓመት ተምረን ትዝታችሁን አምጡ ስንባል ሁሉም ያወራው ስለ በሩ ሆነ። ሞቲ በሽንት ቤቱ ጀርባ አጥር ሲዘል ሱሪው ሽቦ ላይ ቀርቶ፣ ወገቡን በጃኬት አስሮ ፊዚክስ የተማረበትን ቀን አነሳ። ሌላው ስለ ጉልበቱ ጠባሳ አወራ። ድምፅ ስንሰጥ ጋሽ ገብረወልድ ሁሉንም ዘረሩ።

ገጹን ማን ይጻፈው ሲባል ከርሆቦት ቃለጽድቅ የተሻለ ብዕር ያለው አልነበረም። ችግሩ ርሆቦት የሰውየውን ዓይን ማየት አትፈልግም።

ርሆቦት የእኛ ክፍል ልጅ አልነበረችም፤ በአንድ ዓመት ትቀድመን ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል እያለች፣ የማጠቃለያ ፈተና ቀን፣ ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ይዟት በሩ ላይ ስትደርስ ተዘግቷል። ለመነች፣ አለቀሰች፣ በሩን በእጇ ደበደበች። ጋሽ ገብረወልድ ከውስጥ «ሂጂ ልጄ፣ ፈተና ነው» አሏት። ሄደች። ተናዳ ስለነበር የከሰዓቱንም ፈተና ሳትመጣ ቀረች። ማሟያ የሚፈቀደው የሐኪም ወረቀት ላለው ነው፤ እሷ ያላት ንዴት ብቻ ነበር። ክፍል ደገመች። የድሮ ጓደኞቿ ሲመረቁ ቤቷ ተኝታ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ ጋሽ ገብረወልድን ሰላም ብላቸው አታውቅም።

«እኔ ልጻፈው» አለች። ጻፈችው። አንድ ክፍለ ጊዜ አልፈጀባትም። ስናነበው በሳቅ ፈረስን፤ ስለ ሰዓታቸው፣ ስለ ካፖርታቸው፣ በላስቲክ ስለታሰረችው ሬዲዮናቸው አንድም ያልነካችው የለም። ሳቁ ውስጥ ግን መርዝ ነበረበት፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ ሳቁም አልነበረም። ሰውየው በዚያው ሰኔ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ይህ ገጽ ሚስታቸውና የልጅ ልጃቸው ፊት ሊነበብ ነው። ጭካኔ መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። የጉልበቴን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ።

ጋሽ ገብረወልድም ሰምተው ኖሮ ይጨነቁ ጀመር። በሩ ላይ ጠብቀው «ያቺ ልጅ ምን ጻፈች?» ይሉኛል። «ጥሩ ነው» እላለሁ። «ስለዚያ ቀን ጽፋለች?» ይላሉ። ያ አንበሳ ሰው በአንድ ወረቀት እንዲህ መሆናቸው ገርሞኝ ነበር።

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል የተቀጠሩበት ዓመት በትክክል ይጻፍ ተባለና ከርሆቦት ጋር ጸሐፊዋ ዘንድ ሄድን። ጸሐፊዋ ሶፊ ሥራ በዝቶባት ነበር፤ ፋይሉን እንዳለ አውጥታ «ፈልጉት» ብላ ሰጠችን። የቅጥር ደብዳቤው አለ፣ የጤና ምርመራው አለ፣ ከዚያ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ብቻ። ቀኑ ያው ርሆቦት የቀረችበት የፈተና ቀን ነው። «በሩን ያለ ፈቃድ ለሃምሳ ደቂቃ ትተው በመጥፋትዎ» ይላል። ከጀርባው የእሳቸው መልስ በተጣመመ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል፦

«የፈተናው ወረቀት ማባዣ ተበላሽቶ ፈተናው ስለዘገየ ውጭ የቀረ ካለ አስገባ ተባልኩ። በሩን ከፈትኩ። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሄዳ ነበር። ልፈልጋት እስከ 18 ማዞሪያ ወጣሁ። አላገኘኋትም።»

ርሆቦት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ታክሲ ውስጥ ገብቼ ነበር» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከቢሮው ቀጥታ ወደ በሩ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጋሽ ገብረወልድ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

«ጋሼ፣ ያን ቀን በሩን ከፍተውት ነበር እንዴ?»

ሬዲዮውን አጠፉት። «ማን ነገረሽ?»

«ፋይልዎ ላይ አየሁ።»

«ወይ ሶፊ! ይሄው ነው የፈራሁት» አሉ። «ስድብሽ መቼ አስጨነቀኝ? ያን ቀን እያነሳሽ ስትጽፊ አንድ ሰው ነገሩን እንዳይነግርሽ ብዬ ነው።»

«ራስዎ ለምን አልነገሩኝም? ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ምን ብዬ? አሥር ደቂቃ ብትታገሺ ኖሮ ትገቢ ነበር ልበልሽ? ያኔ የምትረግሚው ራስሽን ነው። እኔን ብትረግሚ ይሻላል። እኔ ለምጄዋለሁ።»

እኔ አፈርኩ፤ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

ርሆቦት «ጽሑፉን እቀድደዋለሁ። እውነቱን እጽፋለሁ» አለች።

ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። «እንዳትነኪው! ዘበኛው ያረፈደ ሰው ፍለጋ አስፋልት ድረስ ይወጣል ተብሎ ከተነበበማ መስከረም ላይ ማን በሰዓቱ ይመጣል? የሚተካኝ ሰው አለ። በሩን አሳምሬ ነው የማስረክበው። የጻፍሽውን አንብቢ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺም አፍሽን ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ አዲሱም ዘበኛ ከእሳቸው የባሰ ነው ሲባል ስለሰማሁ ብናገር በሩን አይጎዳም።

በምርቃቱ ቀን ጋሽ ገብረወልድ ቡናማ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከሚስታቸውና ከፀሎት ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ርሆቦት ጋዋኗን እንደለበሰች መድረክ ላይ ወጣች፤ ማይኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ። አንድም ቃል አልቀየረችም። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ስለ ካፖርቱ ስታነብ ሚስታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። የመጨረሻው አረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ድምጿ ቆመ። ሰዉ መጉረምረም ጀመረ።

«አንብቢው እንጂ!» አሉ ጋሽ ገብረወልድ ከፊት ወንበር፣ በሩ ላይ በምናውቀው ድምፅ።

አነበበችው። «ሃያ ሁለት ዓመት በር ሲዘጉ፣ ውጭ ማን እንደቀረ አንድ ቀን እንኳን ዞር ብለው አላዩም።»

ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው። ርሆቦት ከመድረክ ወረደች፤ ወንበሯን አልፋ ሄዳ እግራቸው ስር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። ቶሎም አልተነሳችም። እሳቸው ራሷን በእጃቸው ይዘው ሌላ ሌላውን ያያሉ።

እናቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሰደበችው ሰደበችው፣ አሁን ይቅርታ ትጠይቃለች። የዘንድሮ ልጆች!» አለችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት።