ሰው አለበት

ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ቃሉ ቢዛነፍ አትሳቁብኝ። የጎረቤቴን የአሰጋሽን ነገር የሚያነሳ ሰው ስለጠፋ ነው።

ከተማችን ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። አሰጋሽ እዚሁ ቡና ስትለቅም ነው የኖረችው። ባሏ ቲቶ በቡና መሬት ጠብ እዚሁ ወህኒ ቤት ታሰረ። በየእሁዱ ጎደሬ ቀቅላ ታደርስለት ነበር። አንድ እሁድ ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በቃ፣ መርዶው ይኸው ነው። ሬሳውንም አልሰጧት። ኋላ ላይ አንድ የተፈታ እስረኛ ነው «ወባ ገደለው፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ ቀበርነው» ያላት።

አሁን ወህኒ ቤቱ ሌላ ቦታ ስለሄደ አሮጌው ግቢ የባህል ማዕከል ይሆናል ተባለ። አስተያየት ስጡ ብለው ሰበሰቡን። ንድፉን የሠራው ወጣት፣ አልአዛር ይባላል፣ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ በእንጨት እየጠቆመ አሳየን። እስረኛ ያደረበት ክፍል የሸክላና የቅርጫት ማሳያ ይሆናል።

«ከማድ ቤቱ ጀርባ ደግሞ የጭፈራ መድረክ» አለ።

አጠገቤ የነበረችው አሰጋሽ ብድግ አለች።

«ሰው አለበት» አለች።

አልአዛር ከጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር አየ። «ችግር የለም እናቴ፣ እስኪመጣ ያዢለት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «አሰጋሽ፣ ሙሽራ አገኘሽ እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። እሷም ቁጭ አለች።

ስብሰባው ሲበተን አልአዛርን ጠብቃ ባሏ እዚያ መቀበሩን ነገረችው። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ደነገጠ።

«ቦታውን በትክክል ታውቂዋለሽ?»

አታውቀውም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ሌላ የነገራት የለም።

«ንድፉ ጸድቋል እናቴ። ቁፋሮው ነገ ነው የሚጀመረው። ከፈለግሽ ስሙን ግድግዳው ላይ እናስጽፍለታለን።»

«ስሙንማ መች ረሳሁት» አለችው።

መንገድ ላይ «ሽማግሌ እንላክ» አልኳት።

«ወደ ማን? ያልሰማ ማን ቀረ?»



በማግስቱ ጠዋት ከማድ ቤቱ ጀርባ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር ተሰልፋ አየኋት። ፎርማኑ «እማማ፣ ይሄ የጉልበት ሥራ ነው» ብሎ ሊመልሳት ነበር። «አፈር መሸከም አያቅተኝም» አለችው። ባሬላውን በአንድ ወገን ያዘች። ዶማው ቆፍሮ አካፋው በጫነ ቁጥር ጎንበስ ብላ አፈሩን በእጇ እየበተነች ታየዋለች። ፎርማኑም «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ይጮኽባታል።