የግድግዳዬ ሬዲዮ

በደርግ ጊዜ ሞላሌ ሳስተምር፣ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳ ውስጥ ንብ ሰፈረ። ማባረሩን ፈርቼ ተውኩት። ሰው ጠቁሞኝ ኖሮ አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ታጣቂ አስከትሎ መጣና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«ሬዲዮ ደብቀሃል!» አለኝ።

«ኧረ ንብ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር!»

«ዝም በል! ቋንቋው አልገባኝም፤ የውጭ አገር ጣቢያ ነው።»

መታሰሬ ነው አልኩ በልቤ። ታጣቂው ግድግዳውን በሰደፍ ሲመታው ንቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሱ ጠመንጃውን ጥሎ ፈረጠጠ፤ እኔና ሊቀመንበሩ አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቀለልን።

ንቡ ሲረጋጋ ሊቀመንበሩ ቀና አለ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። አሁን ያስረኛል ስል፣ በረጅሙ ተነፈሰና፣

«ጓድ መምህር፣ እንዲህ የተደራጀ ማኅበር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም!» አለኝ።