ከጉልበት በታች ያለው ድርቆሽ

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ መስመር» ይላታል። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ስለሆነ ይፈቀድለታል። የድርቆሽ ቤቷን ያየ ሰውም አይፈርድበትም። ክምሩ በተጠጋበት ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች ስምንት መስመሮች በከሰል ተሰምረዋል። ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ድርቆሽ የአንድ ወር መኖ ነው። ወሩ ሳይሞላ ከመስመሩ በታች አንዲት እፍኝ አትወጣም። ከብቱ ቢጮህ፣ ጎረቤት ቢለምን፣ እኔ ብለማመጥ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ዝናቡ በቀረበት ዓመት አባቴ ከስድስት ከብቶቹ ሦስቱን ገና ሥጋ እያላቸው ሸጠ። አክስቴ በሰው ፊት ሳቀችበት።

«ምነው፣ እንደ ቲማቲም ይበሰብሱብኛል ብለህ ነው? ፈሪ!»

«እትዬ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንቺም ሁለት ሦስቱን ሽጪና መኖው ለቀሩት ይብቃ።»

«እኔ መስመር አለኝ። አንድም ሳይጎድልብኝ ነው ዝናቡን የማየው።»

ከብቶቿ አምስት ነበሩ። ከአምስቱ የምትሳሳላት አሮጊቷን ላም ነበር፤ አራት ልጆቿን ያሳደገችው በእሷ ወተት ነው። የአሮጊቷ ልጅ ጊደሯም የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር።

ስድስት ወር መስመሩ ልክ ሆነ። አክስቴም ኮራች። በሰባተኛው መጀመሪያ ቀን መንሹን ስትሰካ ሞቅ ያለ የሻጋታ ሽታ ወጣ። ድርቆሹን የከመረችው በባዶ መሬት ላይ ነበር። እርጥበቱ ከሥር እየተሳበ ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ አጥቁሮታል። ከመስመሩ በታች እጇን ሰዳ ስለማታውቅ ስድስት ወር ሙሉ የበሰበሰ ስትቆጥር ኖራለች።

«ፀሐይ ላይ ቢሰጣስ?» አልኳት።

«እርጉዟን ያስወርዳታል» አለችና የያዘችውን ወረወረችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

በዚያን ጊዜ ከብቶቹ አጥንታቸው ወጥቶ ገበያ ላይ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። አማራጭ ስታጣ ወደ አባቴ ሄደች። ያንን ሁሉ ስድብ ይመልስላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ወደ ጓሮ ወሰዳት። ድርቆሹ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ደረቅ ሆኖ ተከምሯል።

«ከእኔ ሦስቱ ጋር ያንቺን ሁለት ይመግባል» አላት። «ምረጪ።»

«ለአምስቱም ትንሽ ትንሽ ብሰጣቸውስ?»

«አምስቱንም ትቀብሪያለሽ፣ እትዬ።»

ጊደሯንና አንዲት ወጣት ላም መረጠች። አሮጊቷን ተወቻት። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጠላኋት። የቀሩትን ሁለቱን ቆዳ ነጋዴ ወሰዳቸው። አሮጊቷ በሦስተኛው ሳምንት ተኛች፤ አልተነሳችም። አክስቴ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

«ሰው ድርቁ ገደላት ይላል» አለችኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት። ያኔ ብሸጣት ኖሮ ዛሬ የሆነ ሰው በረት ቆማ ታመነዥግ ነበር።»

ዝናቡ መጣ፤ ጊደሯ ሴት ጥጃ ወለደች። ጥጃዋ ቁርጥ አያቷን ሆና አደገች። አክስቴም ርብራብ አሠራች፤ እጇንም በየሳምንቱ እስከ ብብቷ ክምሩ ውስጥ ትሰዳለች። ግድግዳው ላይ በጉልበቷ ልክ አንድ ወፍራም መስመር ጨመረች።

«ከዚህ በታች ያለውስ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«የለም ብለሽ ቁጠሪ።»

ዘንድሮ ዝናቡ እንደገና ዘገየ፤ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ትናንት ጠዋት አክስቴ ያቺን ጥጃ፣ አሁን ጠጉሯ የሚያብለጨልጭ ጊደር የሆነችውን፣ በገመድ ይዛ በደጃችን አለፈች። መንገዱ ወደ ገበያ ነው። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሊቀልድባት አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው።

«እትዬ፣ ድርቆሽሽ እኮ ገና አልተነካም።»

«አውቃለሁ» አለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ለመጥረግም አልሞከረች። «ሥጋ እያላት ነው።»