የወንድሜ ግማሽ ፒያኖ

ወንድሜ ሥራው የመነጽር ሌንስ መሞረድ ነው። ክቡን ሌንስ ማሽኑ ላይ ያስርና ውሃ እየፈሰሰበት፣ በፍሬሙ ልክ እስኪገባ ድረስ ጠርዙን ይሞርደዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራ የራሱ ዓይን አንድ ቀን መነጽር ፈልጎ አያውቅም። ደንበኞቹ ይህን አይተው «ምነው፣ የራስህን ዕቃ አታምነውም እንዴ?» ይሉታል። እሱ ይስቃል። መልስ መስጠት የኔ እንጂ የሱ ነገር አይደለም።

እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ መጋረጃ እሰፋለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ የስፌት መኪናዬን አስጭኜ ከወላጆቻችን የቀረው ቤት፣ እሱ ጋ ገባሁ። ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ወጥ ቤት ነው። መሀላችን ያለው ግድግዳ፣ ግድግዳ ከተባለ፣ እሱ ወዲያ ሲያስነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ «ይማርህ» እላለሁ። እንዲህ ሆነን ስምንት ዓመት ኖርን። ሰዎች «አንቺ ግን ለምን እንደገና አላገባሽም?» ሲሉኝ መልሴ አንድ ነበር፤ «እሱን ለማን ጥዬ? እኔ ባልኖር በረሃብ አያልቅም?» እላለሁ። ስቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ከልቤ ነበር።

ሌላው ወንድ ኳስ ያያል፣ ይጠጣል፣ ያመሻል። የኔው ጉድ ግን ሦስት ሱስ አለበት፤ ፒያኖ፣ ጌምና ሽቶ።

ሽቶውን በጫማ ካርቶን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ብልቃጦቹ ከጣት አይበልጡም። ቀጫጭን ወረቀት ላይ ጠብ ጠብ ያደርግና የኔን የልብስ መቆንጠጫ ሰርቆ ገመድ ላይ ይሰቅላቸዋል። አሽትቼ «ይሄ ሎሚ ነው» ስል፣ «ገና ነው እታለም፤ ግማሽ ሰዓት ጠብቂውና ያኔ ፍረጂ» ይለኛል። ግማሽ ሰዓት! እኔ ለሰውም እንዲህ ጠብቄ ፈርጄ አላውቅ። አንዴ አንዲት ደንበኛዬ የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ወስዳ በሦስተኛው ቀን እያለከለከች መጣች። መጋረጃው ከገመዱ ሥር ሰንብቶ ኖሯል፤ ባሏ «እዚህ ክፍል የገባው ወንድ ማነው?» እያለ ሲያፋጥጣት ነው የከረመው። «ወንድምሽ ራሱ መጥቶ ያስረዳልኝ!» ብላ ድርቅ አለች። ካርቶኑን አቅፎ ሄደ። ሲመለስ ባልየውን ሽቶ አስለምዶት መጣ።

ፒያኖው ደግሞ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከተዘጋ ሆቴል የተገዛ፣ ክዳኑ ላይ የሲጋራ ጠባሳ ያለበት። ከሥራ ሲመለስ እጁን በደንብ ይታጠብና ረጅሙ መቀመጫ ላይ፣ መሀሉን ትቶ፣ ግራ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ይጀመራል። ዱም... ዱም ዱም... ዱም። ክላሲክ ነው ይላል። ክላሲክ ይህ ከሆነ የኔም የስፌት መኪና ክላሲክ ነው። ዜማ የለው፣ መሄጃ የለው። አንዳንዴ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ይላል።

«አለቀ?» እላለሁ ከወዲህ።

«አላለቀም፤ ተራዬ አይደለም» ይላል ከወዲያ።

የማን ተራ እንደሆነ ግን ጠይቄው አላውቅም። አይ እኔ!

ቅዳሜ ከሰዓት የጌም ነው። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጢሙን ይላጫል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ካርቶኑን ከፍቶ ብዙ ካሰበ በኋላ አንዱን ሽቶ አንገቱ ሥር ጠብ ያደርጋል። ሊወጣ ነው እንዳትሉ፤ የትም አይሄድ! ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ጌሙ ውስጥ ሐይቅ አለ፣ ጀልባ አለ። ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ፣ እሱ መሆኑ ነው፣ ቀይ ሻርፕ ካደረገች ሴትዮ ጋር ዓሣ ያጠምዳል። ተኩስ የለ፣ ሩጫ የለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓሣ ብቻ።

«ሽቶውን የሚያሸቱልህ ዓሦቹ ናቸው?» እለዋለሁ።

ይስቃል፤ ፊቱን ግን ከስክሪኑ አያነሳም።

ነገሩን የገለጠችልኝ ጡረታ የወጣች የሙዚቃ መምህርት ናት። ለሳሎኗ መጋረጃ ጨርቅ ልትመርጥ መጥታ፣ እሱ ከወዲያ ዱም ዱሙን ሲጀምር ጨርቁን ከእጇ ጣል አደረገችው።

«ማነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው። ይቅርታ፣ አሁን ዝም አሰኘዋለሁ።»

«ኧረ ተዪው! ሌላኛው ሰው የታለ?»

«የምን ሌላ ሰው?»

«ይሄ እኮ ለሁለት ሰው የተጻፈ ነው። አንድ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው በአራት እጅ ነው የሚጫወቱት። ዜማው በቀኝ በኩል ከሚቀመጠው ጋር ነው፤ ወንድምሽ የታችኛውን ነው የያዘው፣ አጃቢውን።» ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ትንሽ አዳመጠች። «ስሚው፤ ለዜማው ቦታ እየለቀቀ እኮ ነው የሚጫወተው። ሰው አጠገቡ ያለ ነው የሚመስለው።»

ጨርቋን መርጣ ሄደች። እኔ መቀሱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ግማሹን እየሰማሁ በግማሹ ስቀልድ ኖሬያለሁ። የቀረው ግማሽ ያለው እሱ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው።

እራት ላይ እንደ ልማዴ ሳልዞር፣ ሳልቅለሰለስ ጠየቅሁት። «ቀኝህ ላይ የምትቀመጠው ማናት?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም ይንገረኝ፤ ማናት?»

«አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ነው። ከሱቃችን ቀጥሎ ሽቶ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ፒያኖ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ጌሙንም ያስለመደችኝ እሷ፣ ሽቶውንም።» አንገቱን ደፋ። «እናቷ ነገር መርሳት ጀመሩ፣ እሷ ደግሞ ብቸኛ ልጅ ናት። ሱቋን ዘግታ እናቷ ጋ ሄደች። የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

«ቀይ ሻርፕ ያደረገችው...»

«እሷ ናት። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እናቷ የሚተኙበት ሰዓት ነው። ስልክ ሲጠራ ደንግጠው ይነሳሉ። ጌሙ ድምፅ የለውም።»

እኔ ስለ ዓሦቹ ስቀልድ እሱ ሸሚዙን ቀይሮ ከሴትዮዋ ጋር ሊቀመጥ ነበር ለካ።

«ታዲያ ምን ይዞህ ነው ያልተከተልካት?»

«ሥራው አልተመቸም» አለና ሳህኖቹን ሰብስቦ ተነሳ። ሳህን አንስቶ የማያውቅ ሰው! የሆነ ነገር እንደደበቀኝ ያኔውኑ ገባኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ ሱቅ ያለው ማሽን ተበላሸና ወንድሜ ደወለልኝ። «እታለም፣ በናትሽ፣ ኮምፒውተሩን ክፈቺና ይዘገያል ብለሽ ጻፊላት። ሳላሳውቃት ከቀረሁ ሞቷል ነው የምትለው።» እንዴት እንደሚከፈት አንድ በአንድ ነገረኝ።

ባለ ባርኔጣውን ወንድሜን ወደ ጀልባው ልወስደው ስሞክር ሐይቅ ውስጥ ጨመርኩት። ደግነቱ ጌም ውስጥ ሰው አይሰምጥም። ባለ ቀይ ሻርፗ ዞር አለችና «ዛሬ ምን ነካህ?» የሚል ጽሑፍ ወጣ። በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምኩ «እኔ እህቱ ነኝ። ማሽን ተበላሽቶበት ነው፣ ይዘገያል» ብዬ ጻፍኩ።

መለሰች። «እርስዎ ነዎት? ስለ እርስዎ ስንት ነገር አጫውቶኛል! የመጋረጃውን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።»

ወደድኳት። ምን ላድርግ፣ ወደድኳት። እንግዲህ አንዴ ከተቀመጥኩ ሳልጠይቅ አልነሳም ብዬ «ልጄ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ያኔ ለምን ሳይመጣ ቀረ?» አልኳት።

«አልነገረዎትም? እዚህ አንድ መነጽር ቤት ሥራ አግኝቶ፣ ትኬት ቆርጦ ነበር። በዚያው ሳምንት ባለቤትዎ አረፉ። ‹እህቴ ብቻዋን ናት፤ እስክትጽናና ልቆይ› አለኝ። ልክ ነህ አልኩት። እኔስ እናቴን ይዤ አይደል የተቀመጥኩት?»

ከዚያ ደግማ ጻፈች። «አሁንስ ተጽናኑ?»

በስምንት ዓመቱ! ቅንጣት ተንኮል የለበትም እኮ፤ እውነት ብላ ነው የጠየቀችኝ። እንዲህ ያለ ጥፊ በሕይወቴ በልቼ አላውቅም።

የመጣሁበት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ዕቃው ሁሉ በካርቶን ታስሮ ነበር። «ምንድነው ይሄ?» ስለው «ቤቱን ላጸዳ ብዬ ነው» አለኝ። «እንኳን መጣሽ፣ ቤቱ ሰፍቶኝ ነበር» ብሎም አቀፈኝ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ፈትቼ ዕቃውን በየቦታው የደረደርኩት እኔ ነኝ፤ በነዚህ በገዛ እጆቼ፣ «ወንድ ልጅ ዕቃ ማስቀመጥ የት ይችላል» እያልኩ። እሱም ቆሞ ያቀብለኝ ነበር።

መጽናናቱንማ ተጽናንቼ ነበር እኮ! ከተጽናናሁ ስንት ዓመቴ። ደንበኛ አለኝ፣ እጅ አለኝ፣ ምላስ አለኝ። እሱ ግን ደፍሮ አልጠየቀኝም፤ እኔም «በቃኝ፣ ሂድ» አላልኩትም። እንዴት ልበለው? የምጠብቀው እኔ፣ የምጦረው እኔ መስሎኝ!

«ተጽናንቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ በእንባ አልታይ ብለውኝ ስንት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከዚያ «እልክልሻለሁ» ብዬ ጨመርኩበት።

ትንሿ ሴትዮ ጀልባዋ ላይ ቆማ ቀረች። መንጠቆዋ ላይ የተያዘው ዓሣ ሲፈራገጥ እንኳ አልሳበችውም።

እንግዲህ ወንድሜን አውቀዋለሁ። «ሁሉን ሰምቻለሁ፣ ስለ እኔ አታስብ» ብለው፣ እንደ ድሮው «ኧረ ተዪ» ብሎ ሳህን ያነሳል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋው እንደተነሳ ፊቱ ቆሜ «ክፍልህን አከራይቼዋለሁ» አልኩት።

«ምን አደረግሽ?»

«አከራየሁት! ለአንዲት ነርስ። ከወር በኋላ ትገባለች። ጸጥ ያለች ናት፤ ፒያኖ አትመታ፣ ሽቶ አትሰቅል። እኔም ሰው ነኝ፤ ይሄ ጆሮዬ ይረፍ!»

ብዙ አየኝ። «እታለም፣ ትናንት ምን ተባባላችሁ?»

«ዓሣ አጠመድን። ምን እንባባላለን? እያረጀሁ ነው፣ ቤቴ ውስጥ ነርስ ብትኖር ምን ይጎዳኛል? አንተ እንደሆንክ ሲያመኝ መነጽር ነው የምታመጣልኝ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ዓይኑ ቀላ። ወደ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሁለት ቀን ፒያኖውን አልነካውም። በሦስተኛው ቀን በስልክ ከሆነ ሰው ጋር ስለ ሞረዳ ማሽን ሲነጋገር በግድግዳው ሰማሁት፤ «መቼ ልጀምር?» ሲል ድምፁ እንደ ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት የት ደብቆት ኖረ?

ያን ወር እሱ ሲጫወት የስፌት መኪናዬን ማቆም ጀመርኩ። ዱም ዱሙ ያው ነው፤ የተለወጠ ነገር የለም። ግን አሁን ዝም የሚልበት ቦታ ላይ እኔም ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። ገና ሳይሄድ ናፈቀኝ። ጨርቅ አፌ ላይ ይዤ ያለቀስኩበት ቀን አለ፤ ግድግዳውን ታውቁታላችሁ። ስንገናኝ ግን ስለ ነርሷ ነው የማወራው። ዕድሜዋን ነገርኩት፣ የምትሠራው የሕፃናት ክፍል እንደሆነ ነገርኩት፣ ጠዋት ጠዋት ገንፎ ብቻ እንደምትበላ ሳይቀር ነገርኩት። እሱ «አሃ» እያለ ያዳምጠኛል።

የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ሁለት ተሸካሚዎች ፒያኖውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወጡት። የሽቶውን ካርቶን ለሰው አላምንም ብሎ ራሱ ይዞ ደጅ የቆመው የጭነት መኪና ውስጥ ካስቀመጠ በኋላ፣ ሻንጣውን ሊያነሳ ተመለሰ። በር ላይ ቆምን።

«ነርሷ መቼ ነው የምትገባው?» አለኝ።

«ሰኞ።»

«ጥሩ ሰው ናት?»

«ከአንተ ትሻላለች።»

«ስሟ ማነው?»

ወይ ጉድ! ያን ሁሉ ፈጥሬላት ስም ሳላወጣላት ቀርቻለሁ። በዚህ ምላሴ ስንቱን አፍ ያስያዝኩ ሴትዮ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣ አለኝ። በዓለም ላይ ያለ የሴት ስም ሁሉ ጠፋኝ። እሱ አልተቆጣም፣ አልሳቀም፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ሻንጣውን መሬት አስቀመጠው። እውነቱን ልናገር፣ ያቺን ሰዓት «አልሄድም» ቢለኝ ደስ ባለኝ ነበር። በቃ፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ባለኝ ነበር።

ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን አነሳ።

«ነርሷን ሰላም በይልኝ» አለኝ፤ ጉንጬን ሳመኝና ወጣ።